ስለ ሕዝብ ገንዘብና ስለ ኮሌጅ ሒሳብ

በቋንቋችን «የመንግሥት ገንዘብ» የሚባል አነጋገር አለ። አነጋገሩ የቆየ ስለ ሆነ ማንም አይደነግጥበትም። ነገር ግን መንግሥት አያርስም፣ አይሸምንም፣ ከብትም አያረባም። በግምጃ ቤቱ ያለው ብር ከሞላ ጐደል አስቀድሞ በገበሬ ወይም በነጋዴ ወይም በደመወዝተኛ እጅ የነበረ ነው። ባለቤቱ ሩቅ ስለ ሆነ ግን ገንዘቡ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍሁ ነኝና፣ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ነገር በከፍተኛ ትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ከጠላት ወረራ በኋላ አገራችን የተማረ ሰው እጅግ ጐድሏት ነበር። በ1942 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት መሪው ሆኑ፤ መቶ የማይሞሉ ተማሪዎችም ትምህርት ጀመሩ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ደግሞ በ1944 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት፣ ከአሜሪካ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እርዳታ ተመሠረተ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ያ ቤት ዛሬም በስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ይህ ስጦታ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ቤት የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው፤ የመምህሩ ደመወዝ፣ የተማሪው እንጀራ፣ የመጽሐፉ ዋጋና የመብራቱ ሒሳብ ግን በየጊዜው ይከፈላል። ስጦታውን ሁሉ ሰው ያስታውሳል፤ በየጊዜው የከፈለውን ሰው ስም ግን ማንም በደንጊያ ላይ አልቀረጸም።

ከፋዩ ማን ነበር? በዚያ ዘመን ከአገሩ ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በገጠር ይኖር ነበር። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ በሦስት ተከፍሎ ግብር ይጣልበት ነበር። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ግብር ተጨመረበት። ይህ ግብር የታሰበው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው፤ ኮሌጆቹ ከጠቅላላው በጀትና ከውጭ አገር እርዳታ ይተዳደሩ ነበር። ለጠቅላላው በጀትም ቢሆን ገበሬው አቡጀዲ በገዛ ጊዜ ቀረጡን በዋጋው ውስጥ ከፍሏል። እንዲህ ሆኖ የብዙው ገበሬ ልጅ ኮሌጅ ይቅርና ፊደል የሚቈጠርበትን ቤት ሳያይ አደገ።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከባሕር ማዶ፣ ምእመናን በየቤተ ክርስቲያናቸው ከሚያዋጡት ነበር። አስተዳዳሪያችን ከጠመኔ እስከ ጣሪያ ቆርቆሮ ያለውን ወጪ ሁሉ ለለጋሾቹ ጽፈው ይልኩ ነበር። አንድ ጊዜም «ለቆርቆሮ የላክነው ገንዘብ ቤቱን ከደነው ወይ?» የሚል ደብዳቤ ከለጋሾቹ መጥቶ ሲነበብ ሰምቻለሁ። ካደግሁ በኋላ ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። በፈቃዱ የሰጠ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል፤ መልስም ያገኛል። በግዴታ ለከፈለው ገበሬ ግን ቆርቆሮው የት እንደ ደረሰ የነገረው ማንም የለም። ተገዶ የሚከፍል ሰው «አልሰጥም» ለማለት አይችልምና፣ ሒሳብ ማወቅ ከሁሉ ይልቅ ለእርሱ ይገባው ነበር።

ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሒሳብ መርምሮ ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው የሚያቀርብ ዋና ኦዲተር እንዲኖር አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ ገበሬው የሚያውቀው የግብር ሰብሳቢውን ፊት ብቻ ነው። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ዐመፀ። ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ሠግቶ ነበር፤ በሹማምንቱም አስተዳደር ተማርሮ ነበር። የከፈለው የት እንደሚገባ የማያውቅ ሕዝብ፣ አዲስ ግብር በመጣ ቍጥር ዝርፊያ መጣብኝ ቢል ልንፈርድበት አይገባም።

ከተማሪዎችም ወገን ዕዳቸውን ያወቁ አልታጡም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ሥርዓት ተጀመረ፤ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል የሚያስገድድ ነው። አብዛኞቹ በመምህርነት ተመደቡ። እንጀራቸውን የከፈለላቸውን ሰው ልጅ ማስተማር ለብዙዎቹ የመጀመሪያው የሒሳብ መልስ ነበረ።

ዛሬ ነገሩ እጅግ ሰፍቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዝዛል። በነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ ስለ ዩኒቨርሲቲዎች በተደጋጋሚ የሚነበበው ሳይወራረድ የቆየ ክፍያ፣ የግዥ ደንብ ያልተከተለ ግዥና በጊዜው ያላለቀ ሕንፃ ነው። ተማሪውም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ደንብ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ይፈርማል። የቀረውን የሚሸከመው ሕዝቡ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ሰምታችኋል። ተረቱ የሚናገረው ስለ በላው ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ተበላበት ሰው አንድ ቃል የለውም። እናንተ ግን ነገ ዕቃ ግዥ ወይም ገንዘብ ያዥ ወይም ዲን ስትሆኑ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ገባ? ለምን ወጣ? የተገዛው ዕቃ የት አለ? ይህን መጠየቅ ሰውን ሌባ ማለት አይደለም። ሒሳብ በትክክል ሲጻፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀመው ታማኙ ሠራተኛ ነው፤ ሐሜተኛ ቢነሣበት መዝገቡ ይመሰክርለታልና። ገና ተማሪ የሆናችሁም ከቤተ መጻሕፍት የተዋሳችሁትን መጽሐፍ ሳይቀደድ መልሱ፤ የሚፈሰውን ቧንቧ ዝጉ፤ «የመንግሥት ነው» ብሎ የሚያበላሽ ጓደኛ ብታዩም ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ንገሩት።