የቤት ስቴሪዮ ድምፅ በድንገት ሲበላሽ፡- መንስኤዎቹ፣ የመለያ ዘዴዎቹና ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

አዲስ አበባ፡- የቤት ስቴሪዮ ድምፅ በድንገት ሲሰነጠቅ፣ ሲነፋነፍ ወይም ሲንጣጣ መሣሪያውን ከመፍታት ወይም በአዲስ ከመተካት በፊት የጉድለቱን ቦታ መለየት ያስፈልጋል። ጉድለቱ በኤሌክትሪክ መስመሩ፣ በሙዚቃው ምንጭ፣ በገመዶቹ፣ በአምፕሊፋየሩ ወይም በስፒከሩ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን በቅደም ተከተል መመርመር ከአላስፈላጊ ወጪም ሆነ ከአደጋ ያድናል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ እንደሚገኘው ሰሚት ባሉ የመኖሪያ አካባቢዎች፣ በተለይም በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ፣ የስቴሪዮን ጉድለት ከቤቱ ሁኔታ ነጥሎ ማየት አይቻልም። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች ኃይል የሚያገኙት ከጋራ መስመር ነው። የእንጀራ ምጣዱ፣ ማቀዝቀዣው፣ ቴሌቪዥኑና ስቴሪዮው ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት መስመር ላይ ይሠራሉ። በየአቅጣጫው የቆሙት ፎቆች ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን ያንፀባርቃሉ። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ መሣሪያን በአዲስ መተካት ቀላል ባለመሆኑ፣ መንስኤውን ሳያውቁ ወደ ጥገና ቤት መሄድም ሆነ ወደ ገበያ መውጣት አይመከርም።

በመጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው

ድምፁ እንደተበላሸ መጠኑን ወዲያውኑ መቀነስ ይገባል። የተበላሸን ድምፅ በከፍተኛ መጠን ማጫወት ቀላሉን ጉድለት ወደ ከባድ ጉዳት ሊለውጠው ይችላል። የመቃጠል ሽታ ወይም ጭስ ካለ፣ ወይም የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ተገፍቶ ከቀረ፣ መሣሪያውን ወዲያውኑ አጥፍቶ ከሶኬት መንቀልና ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ደግሞ አለመክፈት ግድ ነው። የሸራው ተገፍቶ መቅረት አምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሩ የማያቋርጥ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ እየላከ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ሁኔታ የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ በአጭር ጊዜ ሊቃጠል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ምርመራውን ያቀልላል። ጉድለቱ የሚሰማው በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? ድምፁ ሲጨምር ብቻ ነው ወይስ ዝቅ ብሎም አለ? በሁሉም የሙዚቃ ምንጮች ላይ ነው ወይስ በአንዱ ብቻ?

የኤሌክትሪክ መስመሩን መመርመር

በኢትዮጵያ ለቤት የሚቀርበው ኃይል 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። በተለመደው ትራንስፎርመር የሚሠራ አምፕሊፋየር የሚሰጠው ከፍተኛ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር አብሮ ይወርዳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የመሣሪያው ከፍተኛ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ትናንት ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው መጠን ዛሬ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ መሣሪያው ግን ምንም አልሆነም።

ለዚህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የእንጀራ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ መስመሩ ቀጭን ወይም መገጣጠሚያው የላላ ከሆነ የቤቱን ቮልቴጅ ያወርዳል። ድምፁ የሚበላሸው እንጀራ በሚጋገርበት ወይም አምፖሉ በሚደበዝዝበት ሰዓት ከሆነ፣ ምጣዱን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍቶ ስቴሪዮውን መሞከር በቂ ማረጋገጫ ይሰጣል። ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተሰካ ስቴሪዮ ካለ ሊለይ ይገባል፤ ምጣድም በማከፋፈያ ሊሰካ አይገባም።

ከዚህ የከፋው የኒውትራል ሽቦ መላላት ወይም መቋረጥ ነው። ወደ ሕንፃው የሚገባው ባለሦስት ፌዝ መስመር ኒውትራሉን ሲያጣ በአንዱ ቤት ቮልቴጁ ሲወርድ በሌላው ቤት ከ220 በላይ ይወጣል፤ ወደ 380 ቮልት ሊጠጋም ይችላል። በአንድ ቤት አምፖል ሲደበዝዝ በጎረቤት ከልክ በላይ መድመቁ ምልክቱ ነው። በዚህ ጊዜ የቤቱን ዋና ማብሪያና ማጥፊያ አጥፍቶ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ማሳወቅ፣ ጉድለቱ በሕንፃው ውስጥ ከሆነም ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ስቴሪዮውን ከሶኬት መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ተገቢ ነው። በክረምት መብረቅ ሲኖርም እንዲሁ መንቀል ይገባል። ስታብላይዘር ሲገዛ አቅሙ መሣሪያው ከሚወስደው ኃይል በላይ መሆኑን ከመለያ ጽሑፉ ማረጋገጥ ያሻል።

ከውጭ አገር የተላኩ መሣሪያዎች

ከአሜሪካ በዘመድ የተላኩ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠሩ ናቸው። በጀርባቸው ያለው ጽሑፍ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ በ220 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰኩ ይቃጠላሉ። ቮልቴጅ የሚያወርደው ትራንስፎርመር አቅሙ አነስተኛ ሲሆንም ባሱ በሚመታበት ቅጽበት ድምፁ ይሰነጠቃል።

ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። በመሆኑም ፍጥነታቸውን ከመስመሩ ሄርዝ የሚወስዱ አንዳንድ የሸክላ ማጫወቻዎች እዚህ አገር ሲሠሩ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነት ብቻ ይዞራሉ። በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ 28 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የድምፃዊው ድምፅ ወፍሮና ተጎትቶ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ስፒከር መቀየር አያስተካክለውም።

የሙዚቃውን ምንጭ መለየት

ኃይሉ ደህና ከሆነ ቀጣዩ ሥራ ሌላ ምንጭ መሞከር ነው። በሲዲ የተበላሸው ድምፅ በሬዲዮ ጥርት ካለ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ጤነኞች ናቸው። በስልክ በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ ሲጫወት ብቻ ከሆነ የፋይሉን ጥራትና በስልኩ ላይ የተከፈተውን ኢኳላይዘር ማየት ይገባል። ባስ በስልኩም በስቴሪዮውም ላይ ከፍ ተደርጎ ሲገኝ ድምፁ ወደ አምፕሊፋየሩ ከመድረሱ በፊት ይበላሻል። ሁለቱንም ወደ መካከለኛው ቦታ መመለስ ጉድለቱን ብዙ ጊዜ ያስወግዳል።

የኤፍ ኤም ሬዲዮን በተመለከተ አንዱ ጣቢያ ተበላሽቶ ሌላው ጥርት ካለ፣ ለምሳሌ 97.1 ሲሰነጠቅ 102.1 ደህና ከሆነ፣ ችግሩ የአቀባበል ነው። ሞገዱ ከፎቆች ግድግዳ እየተንፀባረቀ በተለያየ ቅጽበት ሲደርስ በተለይ የ“ሰ” እና የ“ሸ” ድምፆች ይሰነጠቃሉ። የአንቴናውን ሽቦ ወደ መስኮት ማቅረብ፣ አቅጣጫውን መለወጥ ወይም ሬዲዮውን ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ መቀየር ይረዳል።

በካሴት ላይ ድምፁ የደነቆረ ከሆነ ቴፑን የሚያነበው ሄድ ቆሽሿል ማለት ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ጠፍቶ ንጹሕ አልኮል በነካ ጥጥ በቀስታ ይጠረጋል። በሸክላ ላይ በድንገት የሚመጣ መንሻከክ ብዙ ጊዜ በመርፌው ጫፍ ላይ የተጠቀለለ አቧራ ውጤት ነው። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ከመርፌው ጀርባ ወደ ፊት ብቻ ይነሳል።

ከዲሽ ሪሲቨር ወይም ከቴሌቪዥን ጋር የተገናኘ ስቴሪዮ የማያቋርጥ “እምም” የሚል ድምፅ ካወጣ የዲሽ ገመዱን ለጊዜው ከሪሲቨሩ ነቅሎ መሞከር ይቻላል። ድምፁ ከቆመ ምክንያቱ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል በምድር ሽቦና በገመዶቹ በኩል የሚዞር ኤሌክትሪክ ነው። ይህን ለማስቀረት ሲባል የምድር ሽቦን መቁረጥ ለሕይወት አደገኛ በመሆኑ በምንም ሁኔታ ሊደረግ አይገባም። “ድድድ” የሚል አጭር ድምፅ ከሆነ ደግሞ በአቅራቢያው ያለን ተንቀሳቃሽ ስልክ ማራቅ ይበቃል።

ግራና ቀኝን በማቀያየር መመርመር

ጉድለቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ያለ ምንም መሣሪያ ቦታውን ማወቅ ይቻላል። ደንቡ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየርና ከእያንዳንዱ ቅያሪ በፊት ስቴሪዮውን ማጥፋት ነው።

1ኛ. በአምፕሊፋየሩ ጀርባ የግራውን ስፒከር ሽቦ በቀኙ፣ የቀኙን በግራው ቦታ መግጠም። የተበላሸው ድምፅ ከዚያው ከቀድሞው ስፒከር ከወጣ ችግሩ የስፒከሩ ወይም የሽቦው ነው። ወደ ሌላው ስፒከር ከተዛወረ ግን ስፒከሮቹ ደህና ናቸው።

2ኛ. ስፒከሮቹ ደህና ከሆኑ ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መልሶ ከምንጩ የሚመጡትን ቀይና ነጭ ጃኮች በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ማቀያየር። ጉድለቱ ወደ ሌላው ወገን ከዞረ መንስኤው ምንጩ ወይም የጃኩ ገመድ ነው። ባለበት ከቀረ አምፕሊፋየሩ ነው።

3ኛ. ሁሉም ነገር በአንድ አካል በተሠራ ስቴሪዮ ላይ ጃክ ማቀያየር ስለማይቻል በጆሮ ማዳመጫ መሞከር። በጆሮ ማዳመጫው ጥርት ካለ ስፒከሩንና ሽቦውን፣ በእሱም ከተበላሸ የመሣሪያውን ውስጥ መጠርጠር ይገባል።

ስፒከሩና ሽቦው

ከስፒከር ሽቦ ጫፍ የወጣች አንዲት ቀጭን ክር ከጎረቤቷ ጋር ስትነካካ ድምፁ ይቆራረጣል፤ አምፕሊፋየሩም ሊጎዳ ይችላል። ጫፉን ቆርጦ፣ ልጦና ጠምዝዞ እንደገና ማሰር ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው። ቀዩ በቀይ፣ ጥቁሩ በጥቁር መታሰሩም መረጋገጥ አለበት፤ በአንዱ ስፒከር ብቻ ከተገለበጠ ባሱ ይሳሳል።

በስፒከሩ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራል። ስቴሪዮው ጠፍቶ ሸራው በጣቶች ከሁለት ወገን እኩል ገፋ ሲደረግ የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ከቦታው ተናግቷል። ቴስተር ያለው ሰው ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ አላቅቆ ቢለካ፣ 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 6 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ጥቅሉ ወይም ግንኙነቱ ተቋርጧል።

ባሱ ሲመታ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ሁልጊዜ የስፒከር አይደለም። በቡፌ ውስጥ ያሉ ብርጭቆዎች፣ የላላ መስኮት ወይም በስፒከሩ ላይ የተቀመጠ ጌጥ ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚፈጥር እነርሱን አስቀድሞ መነካካት ይገባል።

አምፕሊፋየሩ

አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል። ጆሮ ይህን እንደ መሰንጠቅ ይሰማዋል። በጆሮ እጥፍ ገደማ ሆኖ እንዲሰማ ድምፁን መጨመር 10 እጥፍ ያህል ኃይል ስለሚጠይቅ፣ አቅሙ ወደ ማለቁ በደረሰ መሣሪያ ላይ መጠንን መጨመር ጉዳት እንጂ ጥቅም አያመጣም። ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትዊተር ያቃጥላል። ከዚህም ሌላ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ከልክ ያለፈ ድምፅ የጎረቤትን መብት ይነካል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ ደንግጓል።

በአንድ መውጫ ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን ጎን ለጎን ማሰር ጭነቱን ወደ 4 ኦም ያወርደዋል። አምፕሊፋየሩ ለዚህ ካልተሠራ ይግላል፤ ድምፁም ከጥቂት ቆይታ በኋላ ይበላሻል። መሣሪያውን በጥልፍ ጨርቅ መሸፈንም አየር ስለሚከለክል ተመሳሳይ ውጤት አለው። ሲቀዘቅዝ የሚስተካከልና ሲግል የሚመለስ ጉድለት ወደዚህ ያመለክታል።

የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ሲዞር የሚንጣጣ ከሆነ ውስጡ አቧራ ገብቷል። መሣሪያው ጠፍቶ ቁልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግሞ ማዞር ለጊዜው ሊያስተካክለው ይችላል። ካልሆነ ባለሙያ ለኤሌክትሪክ መገናኛ በተዘጋጀ ማጽጃ ያጸዳዋል።

ለባለሙያ ሊተው የሚገባው

ከላይ የተዘረዘሩት ምርመራዎች የመሣሪያውን ክዳን መክፈት አይጠይቁም። በአምፕሊፋየር ውስጥ የሚገኙት ካፓሲተሮች መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ስለሚቆዩ፣ ሙያው የሌለው ሰው ክዳኑን መክፈት የለበትም። ፊውዝ ሲቃጠል ከተጻፈው በላይ አቅም ባለው ፊውዝ ወይም በሽቦ መተካትም ለእሳት ያጋልጣል። ተመሳሳይ ፊውዝ ተተክቶ ወዲያው ከተቃጠለ ጉድለቱ በውስጥ ነው።

መሣሪያው ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ ባለቤቱ የትኛው ወገን እንደተበላሸ፣ በየትኛው ምንጭ፣ በምን ያህል መጠንና በምን ሰዓት እንደሚከሰት፣ በማቀያየር ምን እንዳገኘ በጽሑፍ ቢያቀርብ የባለሙያውን ሥራ ያፋጥናል፤ ያልተበላሸ ዕቃ እንዳይቀየርበትም ይረዳዋል። የጥገናውን ዋጋ አስቀድሞ መስማማትና የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች መልሶ መቀበልም ተገቢ ነው። ድምፁ የሚበላሸው አምፖል ሲደበዝዝ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ወደ ጥገና ቤት ሊሄድ የሚገባው ስቴሪዮው ሳይሆን፣ ወደ ቤቱ ሊጠራ የሚገባው የኤሌክትሪክ ባለሙያው ነው።