ከፕሮግራሙ የወጣው ዘፈን

ልጅ ሳለሁ ሬዲዮ የጀመረውን ዘፈን አቋርጦ ዋሽንት ብቻ ማሰማት ሲጀምር፣ እናቴ የያዘችውን ሥራ ትታ ጆሮዋን ትሰጥ ነበር። «ቸር ወሬ ያሰማን» ትላለች፤ ቀጥላም «ደግሞ ማን ሞተ?» ዜና አንባቢው ገና አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለእሷ ግን ዋሽንቱ ነግሯታል። በደርግ ዘመን ያደግን ሰዎች ይህን ያለ አስተማሪ ተምረነዋል፤ ሙዚቃ መራጩ ከዜና አንባቢው ቀድሞ ይናገራል።

ነገሩ ከሬዲዮም በፊት የነበረ ነው። ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጥሩ አስለቃሽ ያገኘችውን ግጥም ሁሉ አትደረድርም። ለሽማግሌ የሚባለው ለሙሽራ አይባልም። በየቱ ተጀምሮ በየቱ እንደሚያበቃ፣ የትኛው ደግሞ ጨርሶ እንደማይነሳ ጠንቅቃ ታውቃለች። እንግዲህ የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚሁ ሙያ ነው። ቦታው ግን ሎንደን፣ አስለቃሹም አንድ አሜሪካዊ የኦርኬስትራ መሪ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ቡናው እየተፈላ ሳለ፣ ኒውዮርክ ላይ ሁለተኛው አውሮፕላን ሕንፃውን ሲመታ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መሆኑ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው)። እኛ ቤት ተከፍቶ የነበረውን የአዲስ ዓመት ዘፈን ማን እንዳጠፋው አላስታውስም። ብቻ ጠፋ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 15፣ ሎንደን ትልቅ ድግስ ነበራት። «ፕሮምስ» ይሉታል። በ1895 በሄንሪ ውድ መሪነት የተጀመረ፣ በየዓመቱ በበጋቸው ለሁለት ወር ገደማ የሚዘልቅ የክላሲካል ሙዚቃ ዝግጅት ነው። ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ቲኬቱ ርካሽ ነው፤ ሐሳቡም ድሮውኑ ትልቁን ሙዚቃ ለተራው ሰው ማድረስ ነበር። የመጀመሪያው አዳራሽ ኩዊንስ ሆል በ1941 በጀርመን ቦምብ ሲጋይ ወደ ሮያል አልበርት ሆል ተዛወረ። የመዝጊያው ምሽት ታዲያ ልዩ ነው። እንግሊዞች፣ ያ ሁሉ ጭምትነታቸው የት እንደሚገባ እንጃ፣ ባንዲራ እያውለበለቡ፣ ጡሩምባ እየነፉ፣ እየዘለሉ ይዘፍናሉ። ያለ ኤልጋር ማርሽና ያለ «ሩል ብሪታንያ» ያ ምሽት ጠላ የሌለበት ሰርግ ማለት ነው።

የዚያን ዓመት መሪ ሊዮናርድ ስላትኪን ነበር። በ1944 ሎስ አንጀለስ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ከ2000 ጀምሮ የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዋና መሪ፣ ጎን ለጎንም የዋሽንግተኑ ናሽናል ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሙዚቃ ዳይሬክተር ነበር። ሐዘኑ ቤቱ የደረሰበት ሰው ነው ማለት ነው። በእንግሊዞች ትልቁ የደስታ ሌሊት መድረክ ላይ ሊቆም የቀረው አራት ቀን ብቻ ነው።

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይላል ያገሬ ሰው ችኮላን ሲተርት። እዚህ ግን በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ድስቱ ተጥዶ ሳለ ነው ሰርጉ ወደ ለቅሶ የተለወጠው። የኦርኬስትራ ፕሮግራም ደግሞ እንደ ወጥ ጨው ሲያንሰው የሚጨመርበት ነገር አይደለም። ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ይታቀዳል። ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ የራሱ ኖታ መዘጋጀት፣ መዘምራኑ መለማመድ፣ ብቸኛ ዘፋኞቹ መዋዋል አለባቸው። በአራት ቀን የሚተካ ነገር ሲፈለግ፣ ሙዚቀኞቹ ጣታቸውና ጉሮሯቸው የሚያውቀው ሊሆን ይገባል። መዘምራኑም፣ ሙሉው ኦርኬስትራም እዚያው ነበሩ። ጥያቄው ምን ይበሉ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደወጣ እንይ። አሜሪካዊው ጆን አዳምስ በ1986 የጻፈው «በፈጣን መኪና አጭር ጉዞ» የሚባል አራት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ ደስ የሚል፣ የሚያጣድፍ ሥራ ነበር። ወጣ። የሚገርመው ይኸው ሥራ በ1997ም ለዚሁ የመዝጊያ ምሽት ተይዞ፣ ልዕልት ዲያና ፓሪስ ላይ በመኪና አደጋ ስለሞተች ተሰርዞ ነበር። ምስኪን ድርሰት! አንድ ኖታ እንኳ አልተለወጠበትም፤ ርዕሱ ግን በሁለቱም ጊዜ ለሐዘንተኛ የማይነበብ ሆኖ ተገኘ። የኤልጋር ማርሽም ወጣ። «ሩል ብሪታንያ»ም ወጣ።

በምትኩ ምን ገባ? የሳሙኤል ባርበር «አዳጆ»፣ የማይክል ቲፔት አምስት መዝሙሮች፣ የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ መጨረሻ። አንዱ አሜሪካዊ፣ አንዱ እንግሊዛዊ፣ አንዱ ጀርመናዊ። የድሮውን አዳራሽ የጀርመን ቦምብ ያጋየው ዝግጅት፣ በክፉ ቀኑ ስለ ሰው ልጅ ወንድማማችነት የሚዘምር የጀርመን ሙዚቃ መረጠ። ይህን ብቻውን ማሰብ ጥሩ ነው። እኔን የሚያነጋግረኝ ግን የሁለቱ፣ የአሜሪካዊውና የእንግሊዛዊው ነገር ነው።

ባርበር «አዳጆ»ን ለለቅሶ አልጻፈውም። በ1936፣ በ26 ዓመቱ፣ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቪዮላና ለአንድ ቼሎ ከጻፈው ድርሰት መሐል የወጣ ክፍል ነው። በኋላ ለብዙ ባለክር መሣሪያዎች አሰፋው፤ በኖቬምበር 1938 ኒውዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ጣሊያናዊው ቶስካኒኒ ነበር። ይህን ስም እኛ ኢትዮጵያውያን ብናስታውሰው አይከፋም። የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ከመውረሩ አራት ዓመት በፊት፣ በ1931፣ ቦሎኛ ከተማ ውስጥ የፋሽስቶችን መዝሙር በኮንሰርቱ መክፈቻ አላሰማም ብሎ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በጥፊ የመቱት ሰው ነው። አንድን ዘፈን ከፕሮግራም ማስወጣት ዋጋ እንደሚያስከፍል በጉንጩ የቀመሰ ማለት ነው። «አዳጆ» ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ሙሾ ሆነ። ሩዝቬልት በ1945 ሲሞቱ በሬዲዮ ተሰማ። ኬኔዲ በ1963 ሲገደሉ የተጫወተው ያው የዋሽንግተኑ ናሽናል ሲምፎኒ ነው። ስላትኪን ይህን ሥራ ሲመርጥ ለቤተሰቡ የቆየውን ሙሾ አወረደ ማለት ይቻላል።

የቲፔት ታሪክ ይረዝማል። በኖቬምበር 1938፣ ወላጆቹ ከጀርመን የተባረሩበት የ17 ዓመት አይሁዳዊ ልጅ ፓሪስ ውስጥ አንድ የጀርመን ዲፕሎማት ተኩሶ ገደለ። ናዚዎች ይህን ሰበብ አድርገው በአንድ ሌሊት ምኩራቦችን አቃጠሉ፣ ሱቆችን ሰባበሩ፣ ሰው ገደሉ። ቲፔት ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። ጦርነቱ በታወጀ ሰሞን፣ በሴፕቴምበር 1939፣ «የዘመናችን ልጅ» የተባለውን ኦራቶሪዮ መጻፍ ጀመረ። ኦራቶሪዮ መዘምራንና ኦርኬስትራ ያለ ትወና የሚተርኩት ረጅም ታሪክ ነው። ታዲያ አንድ ችግር ገጠመው። ባኽ በድሮ ጊዜ የክርስቶስን ሕማማት ሲያዜም፣ በየመሐሉ ምእመኑ ሁሉ የሚያውቀውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያስገባ ነበር። የቲፔት አድማጭ ግን ክርስቲያንም፣ አይሁዳዊም፣ ምንም የማያምንም ነው። ሁሉም «ይህ የኔ ነው» የሚለው መዝሙር ከየት ይምጣ?

መልሱን በሬዲዮ ሰማው፤ አሜሪካ ውስጥ ባሪያ ሆነው የኖሩ ጥቁሮች የፈጠሩት፣ ስፒሪቹዋል የሚባለው መዝሙር ነበር። ሙሴን ወደ ፈርዖን የሚልኩት፣ ዮርዳኖስን ለመሻገር የሚናፍቁት እነዚያ መዝሙሮች። አምስቱን በኦራቶሪዮው መገጣጠሚያ ላይ አኖራቸው። በጥጥ እርሻ ላይ የተወለደ ዜማ ለተሰደደው የአይሁድ ልጅ አለቀሰለት። ቲፔት ራሱ በ1943 ለጦርነት አላገለግልም በማለቱ ሦስት ወር ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ፤ ከተፈታ በኋላ፣ በማርች 1944፣ ሥራው ቦምብ በሚወርድባት ሎንደን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ።

አሁን የወጣውን ዘፈን ከገባው ጎን እናስቀምጠው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ የሚያነቃቸው ሁለት ግጥም ጎን ለጎን ማስነበብ ነበር። «ሩል ብሪታንያ» በ1740 የወጣ፣ ቶማስ አርን ያዜመው ዘፈን ነው። በአዝማቹ እንግሊዞች ባሕሩን እንደሚገዙና መቼም የማንም ባሪያ እንደማይሆኑ ይምላል። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ መርከቦች አፍሪካውያንን በሰንሰለት አስረው አትላንቲክን ያሻግሩ ነበር። እንግዲህ በዚያች ምሽት የሆነው ይህ ነው፦ ባሪያ አንሆንም የሚለው ዘፈን ወጣ፤ ባሪያ የነበሩት ሰዎች መዝሙር ገባ።

ስላትኪን ይህን አስቦበት አደረገው እያልኩ አይደለም። ፕሮግራሙ ግን በራሱ ይናገራል። የፉከራው ዘፈን ሐዘን ሲመጣ አፉን ያዘ። ለምን ቢሉ፣ ፉከራ የሚሠራው የዘፋኙ ቤት ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው። ሁሉን የተነጠቁ ሰዎች ያቀናበሩት ዜማ ግን ማንም ሐዘንተኛ ሊገባበት የሚችል ቤት ሆነ፤ አይሁዳዊው ገባበት፣ ኒውዮርካዊው ገባበት፣ ሎንደኑም ገባበት።

መቼም ተቃውሞ አይጠፋም። የለመዱትን ዘፈን መተው ለነፍሰ ገዳዮቹ እጅ መስጠት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩን አልንቀውም፤ ሐዘን ቤትም ቢሆን ሕይወት መቀጠል አለበት። ግን ጎረቤት ሬሳ ሳይወጣ ከበሮ የማይመታው ተሸንፎ አይደለም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል። የባሮች ልጆች ልጆች «ሐዘናችንን ለሁሉም አዋሳችሁ፤ ለእኛ ሐዘንስ የትኛው ምሽት ተሰጠ?» ቢሉ ምን ይመለሳል? መልስ የለኝም። ጥያቄው ትክክል ነው።

ሌላም የሚመር ነገር አለ። ያቺ ምሽት ባለፈች በ22ኛው ቀን፣ ኦክቶበር 7 ቀን 2001፣ አሜሪካና እንግሊዝ አብረው አፍጋኒስታንን መደብደብ ጀመሩ። ጦርነትን እምቢ ብሎ የታሰረውን ሰው መዝሙር የዘመሩት ሁለት አገሮች ናቸው። ጦርነቱ 20 ዓመት ፈጀ። ሙዚቃ ቦምብ አያቆምም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ያቺ ምሽት ግን ሰው በሐዘኑ ሰዓት ከበቀል ሌላ የሚለው ነገር እንዳለው አሳይታለች። ጊዜው ሲያልፍ ያለውን መርሳቱ የዘፈኑ ጥፋት አይደለም።

የወጣው ዘፈን ውሎ አድሮ ተመለሰ። በ2020 ቢቢሲ በመዝጊያው ምሽት ዜማው ብቻ ያለ ግጥም እንዲሰማ ሲወስን፣ ጉድ ተባለ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ ተቆጡ። ውሳኔው በቀናት ውስጥ ተሽሮ፣ በኮቪድ ምክንያት ተመልካች በሌለበት አዳራሽ ጥቂት ዘፋኞች ግጥሙን ዘፈኑት። ታሪኩን ደጋግሜ ሳስበው ይገርመኛል። በ2001 ሐዘኑ ያለ ክርክር ያስወጣውን ዘፈን፣ በ2020 ክርክሩ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አዘፈነው።

ለመሆኑ የእኛስ ዝርዝር? በየበዓላችን ከምንዘፍናቸው ውስጥ፣ ጎረቤት ሲያዝን ሳናፍር የምንዘፍነው የትኛው ነው? የሌላው ሐዘንተኛ ገብቶ የሚቀመጥበት ዜማስ አለን? እኔ ለራሴ ቆጠራ ጀምሬያለሁ፤ እንዳሰብኩት ብዙ አላገኘሁም። እናንተም ሞክሩት። እስከዚያው እንደ እናቴ፣ ቸር ያሰማን።