ከጎጃም ፈንጣጣ እስከ ብሪክስተን ክትባት

በአያቴ ክንድ ላይ፣ ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ፣ ሰፊ ጠባሳ ነበር። የእናቴ ደግሞ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ያለ ትንሽ ክብ ነው። ሁለቱም የፈንጣጣ ክትባት ናቸው፤ ልዩነታቸውን የተረዳሁት ግን እዚህ ለንደን ነርስነት ስማር ነው። አያቴን የከተባት የአገር አዋቂ ነው፤ ከታመመ ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ክንዷን በጥቶ ቀባው። እናቴን የከተባት የመንግሥት ጤና ሠራተኛ ነው።

ፈረንጆች የክትባትን ታሪክ ሲያወሩ፣ ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 አንድ ልጅ በከብት ፈንጣጣ ከከተበበት ቀን ይጀምራሉ። የእኛ ሰው ግን የጄነርን ስም ሳይሰማ ይከተብ ነበር። ቃሉም የራሳችን ነው፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። የአገር ክትባት ከንቱ አልነበረም። የተከተበው አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ሕመም ታሞ ይድናል፣ ዳግመኛም አይያዝም። ችግሩ ክንዱ ውስጥ የገባው እውነተኛው ፈንጣጣ መሆኑ ነው። እሱ ሲድን በሽታው ላልተከተበ ጎረቤት ይተርፋል።

የዓለም ጤና ድርጅትና የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ፈንጣጣን ለማጥፋት ዘመቻ የጀመሩት በ1963 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሠራተኞቹ መንገድ በሌለበት በእግርና በበቅሎ ሄዱ፤ ኋላ ሄሊኮፕተርም መጣ። ጎጃም ውስጥ ያስቸገራቸው ግን ዳገቱ ብቻ አልነበረም። ብዙ ሰው የለመደውን የአገር ክትባት መርጦ አዲሱን እምቢ አለ። ይህን ድንቁርና የሚሉት አሉ፤ እኔ አልልም። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ብዙ የጎጃም ገበሬ በመንግሥት ላይ መሣሪያ አንሥቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይቆይ የመንግሥት ሰው መርፌ ይዞ ሲመጣ ማን በደስታ ክንዱን ይሰጣል?

አገሩን ሁሉ ከትቦ መጨረስ ስለማይቻል ዘዴው ሕመምተኛውን ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መክተብ ሆነ። ከመፈለጊያ ቦታዎቹ መካከል ገበያና ትምህርት ቤት ዋናዎቹ ነበሩ። የታመመ ሕፃን ፎቶ ያለበትን ካርድ ለተማሪዎች አሳይተው፣ እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችሁ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አዋቂ የሸሸገውን ልጅ ይናገራል። (ማታ ቤቱ ሲገባ የተገረፈም አይጠፋም።) የመጨረሻዋ የአገራችን ሕመምተኛ፣ የ3 ዓመት ልጅ፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተገኘች።

እኔም ዛሬ በብሪክስተን አካባቢ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ እከትባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በሰሜንና ምሥራቅ ለንደን የፍሳሽ ውኃ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ሲገኝ፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ የከተማው ልጆች ሁሉ፣ የእኛም ሰፈር ጭምር፣ ለተጨማሪ ክትባት ተጠሩ። ያን ሰሞን ስልኬ በአማርኛ ሲጮህ ሰነበተ።

አሁን የሚያሳስበኝ ከትምህርት ቤት የሚላከው የፈቃድ ቅጽ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት እዚህ ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጆች ይሰጣል፤ ለሴቶች እ.ኤ.አ. ከ2008፣ ለወንዶች ከ2019 ጀምሮ። የእኛ ልጆች ቅጽ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። አንዲት እናት ምክንያቷን ስትነግረኝ፣ «እህቴ፣ ልጄ ገና ሕፃን ናት፤ ይሄ ለባለትዳር ነው ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ። ክትባቱ ልጅቷ ከቫይረሱ ጋር ሳትገናኝ ሲሰጥ የበለጠ እንደሚሠራ አስረዳኋት፤ ዝም አለች። ኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ሴቶች ልጆች በትምህርት ቤት መስጠት እንደጀመረች ስነግራት ግን ቀና አለች።

«አገር ቤትም?» አለች።

«አዎ፣ አገር ቤትም።»

ደግማ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ብዕር ፈለገች።

በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ከቡናው አጠገብ እቀመጣለሁ። ያልሞላችሁት ቅጽ በቦርሳም በስልክም ካለ ይዛችሁልኝ ኑ፤ በአማርኛ አብረን እናነበዋለን።