እሾህ የለበሰ ሽቦ

ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ የተዘረጋው የአሜሪካ ሜዳ ለከብት የተመቸ፣ ለአጥር ግን ያስቸገረ አገር ነበር። ሣር እንጂ ዛፍና ድንጋይ እምብዛም አይገኝበትም። ተራው ሽቦም አላዋጣም፤ በሐሩር ይረግባል፣ በብርድ ይበጠሳል፣ ከብቱም ተደግፎ ይጥለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1873 በኢሊኖይ ግዛት በዲካልብ በተደረገ የገበሬዎች ትርኢት ላይ ሄንሪ ሮዝ የሾሉ ሽቦዎች የተሰኩበት ጣውላ አሳየ። ካዩት መካከል አንዱ ገበሬው ጆሴፍ ግሊደን ነበር። ግሊደን የቤቱን የቡና መፍጫ ለውጦ እሾሁን መጠምዘዣ አደረገው። ትልቁ ብልሃቱ ግን እሾሁ ሳይሆን ሁለተኛው ሽቦ ነው፤ ሁለቱ ሲገመዱ እሾሁ ከቦታው አይንሸራተትም፣ ግምዱም ሙቀቱንና ብርዱን ይችላል። የፈጠራ መብቱን ኖቬምበር 24 ቀን 1874 አገኘ።

ዝናው ለሽቦው ይሁን እንጂ አጥርን አጥር የሚያደርገው የማዕዘኑ ምሰሶ ነው። የተወጠሩት ሽቦዎች ጉተታ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ምሰሶው በጥልቅ ጉድጓድ ተተክሎ አፈሩ በየድርቡ ይጠቀጠቃል። ብቻውን ከተተወ ግን ውሎ አድሮ ያጋድላል። ስለዚህ በአጥሩ መስመር ላይ ሁለተኛ ምሰሶ ይተከልና የሁለቱ አናት በአግዳሚ እንጨት ይያያዛል። ከሁለተኛው አናት እስከ ማዕዘኑ ግርጌ ሽቦ በሰያፍ ታስሮ በዱላ እየተጠመዘዘ ይጠብቃል። የአጥሩ ሽቦ ሲጎትት አግዳሚው ይገፋል፣ ሰያፉ ይይዛል። ሽቦው ከብቱ ባለበት በኩል ይመታል፤ ከብቱ ሲገፋ ምስማሩን ሳይሆን ቋሚውን እንዲገፋ ነው። በመካከለኞቹ ቋሚዎች ላይ ባለ ሁለት እግሩ ምስማር እስከ መጨረሻው አይመታም፤ ሽቦው ሲሳብና ሲላላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ያስፈልገዋል።

አጥሩ በፍጥነት ተስፋፋ፤ በቴክሳስ ኤክስ አይ ቲ የተባለው የከብት ርባታ ብቻ እስከ 1886 መጨረሻ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ አጥሯል። ሁሉም ግን አልተቀበለውም። ግጦሽና ውሃ የተዘጋባቸው ሰዎች በ1883 ሌሊት ሌሊት ሽቦ ይቆርጡ ጀመር፤ ደምም ፈሰሰ። በ1884 የቴክሳስ ምክር ቤት አጥር መቁረጥን ከባድ ወንጀል አደረገ።

በዚያው ዘመን የሰሜን ቴክሳስ ከብት አርቢዎች ከሰሜን የሚመጣ መንጋ ግጦሻቸውን እንዳይጨርስባቸው ረጅም አጥር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘረጉ። በጃንዋሪ 1886 ከባድ የበረዶ ማዕበል መጣ። ከብት እንደ ልማዱ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ተጓዘ፤ ቀድሞ እየሸሸ ሸለቆ ውስጥ ይጠለል ነበር። አሁን አጥሩ አገደው። በደንብ የተተከለ አጥር ነበርና አልወደቀም። ከኋላ የመጣው በፊተኛው ላይ እየተደራረበ መንጋው በቆመበት ደርቆ ቀረ። በረዶው ሲቀልጥ በሽቦው ጥግ የተኛው በሺህ የሚቆጠር ሬሳ ታየ።