ከቀለሙ ሥር፦ የአንድ ቮልስዋገን ዳሽቦርድ እንደ ታሪክ ሰነድ



በዚህ አዳራሽ ለብዙ ዓመታት ስለ ብራና፣ ስለ ደብዳቤና ስለ መዝገብ ቤት ሰነዶች አነባበብ ተናግሬአለሁ። ዛሬ የምናገረው ቀለም ስለተቀባ አንድ ብረት ነው። ባለፈው ጥር፣ በፈተና ማግስት፣ ከአባቴ የወረስኋትን ቮልስዋገን ዳሽቦርድ በግቢዬ ውስጥ ፈትቼ፣ ፍቄና ቀብቼ ነበር። ሥራውን የጀመርሁት ለአእምሮ ዕረፍት ብዬ ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ የሙያዬ ጥያቄ መጥቶ ተጋረጠብኝ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድን አሮጌ ነገር ስናድስ የምንፍቀው ምንድን ነው? የመፋቁስ ሥልጣን የማን ነው?

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ዳሽቦርድ ከሞተር በፊት የነበረ ስም ነው። በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ላይ፣ ከነጂው ፊት ለፊት የቆመ የእንጨት ወይም የቆዳ ጋሻ ነበር፤ ተግባሩም ከፈረሱ ኮቴ የሚፈናጠረውን ጭቃ መመከት ነው። ሞተር ፈረሱን ሲተካ ሳንቃው ስሙን እንደያዘ ቆየ፤ የፍጥነት መለኪያው፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ኋላም ሬዲዮው ተራ በተራ ተተከሉበት። ሰውን ለመከላከል የተሠራው ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ራሱ ሰውን የሚጎዳ ሆነ።

ይህን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ክሌር ስትሬይት የተባለ የዲትሮይት ሐኪም ነው። የፊት ቀዶ ጥገና ባለሙያ ስለነበር፣ በግጭት ጊዜ ከነጂው ጎን የተቀመጡ ሰዎች ፊታቸው ከብረት ዳሽቦርድና ከወጣ ገባ ቁልፎቹ ጋር እየተላተመ እንዴት እንደሚጎዳ በየቀኑ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዳሽቦርድ በለስላሳ ነገር እንዲለበጥ ወተወተ። ከዚያ በኋላ ራልፍ ናደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ‹ሁለተኛው ግጭት› ለሚባለው ነገር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጠው፤ የመጀመሪያው ግጭት መኪናው ከሌላ ነገር ጋር፣ ሁለተኛው ግጭት ደግሞ ሰውየው ከገዛ መኪናው ውስጠኛ ክፍል ጋር የሚያደርገው ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ አወጣ፤ ከጥር 1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የመኪና ውስጠኛ ክፍል ግጭትን እንዲያለዝብ የሚያስገድድ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ በጣታችን ስንጫነው የሚለሰልሰው ዳሽቦርድ የዚያ ሁሉ ክርክር ውጤት ነው።

የአባቴ መኪና ግን እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ናት፤ ዳሽቦርዷም ወለል ያለ ብረት ነው። በአገራችን ቮልስ ተብላ የምትጠራው ይህች መኪና የብዙ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የመጀመሪያ ንብረት ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የወጡትም በቮልስዋገን መሆኑን ታስታውሳላችሁ። አባቴ ስለ መኪናው ሲጠየቅ አንድ የማይለዋወጥ መልስ ነበረው፦ «ውጪዋን አስቀብቻለሁ፤ ውስጧ ግን እንደመጣች ናት»። ይህን ቃል እኔም ለልጆቼ አስተላልፌአለሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። የቮልስ ዳሽቦርድ የአካሏ ክፍል ስለሆነ እንደ ዛሬዎቹ ተፈትቶ አይወጣም፤ የሚፈታው በላዩ ያለው ጌጥና መሣሪያ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ አላቀቅን፤ የቤንዚኑ ጋን ከዳሽቦርዱ ፊት፣ በኮፈኑ ሥር ስለሚገኝ በዚያ አካባቢ ብልጭታ አይፈለግም። ቀጥለን ኮፈኑን ከፍተን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን የካርቶን ሽፋን አነሣን። የጌጡ ዘንጎች የተያዙት ከጀርባ በኩል በሚገኙ መቆንጠጫዎች ነውና፣ ከፊት በካቻቢቴ ቢፈለቀቁ ይጎብጣሉ። የፍጥነት መለኪያው፣ የአመድ ማራገፊያው፣ የኪሱ ክዳንና የተሳፋሪው መያዣ አንድ በአንድ ወጡ፤ እያንዳንዱን ብሎን ከየት እንደወጣ ጽፈን በፖስታ አስቀመጥን።

አብሮኝ የሚሠራው የወንድሜ ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ ለምን እንደክማለን? ዝም ብለን በላዩ ብንቀባውስ?» አለኝ። ከራሱ መኪና የተማረውን ቢያስታውስ ኖሮ ባልጠየቀ ነበር፤ እሱ የቀባው የፕላስቲክ ጌጥ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶበታል። ምክንያቱም ዳሽቦርድ ማብረቂያ ቅባት ብዙ ጊዜ ሲሊኮን አለበት፤ በሳሙናና በአልኮል በሚገባ ካልጸዳ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ካልሻከረ አዲስ ቀለም የሚይዝበት የለውም። የእኛም ዳሽቦርድ ላይ ያለው የወተት መልክ ቀለም በብዙ ቦታ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ስለዚህ መንስኤውን ሳያውቁ በላዩ መቀባት በሽታውን መሸፈን ነው። በዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙ እንዳይነሣ በውሃ እያረጠብን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን መፋቅ ጀመርን።

የጥንታዊ ሕንፃ ጥገና ባለሙያዎች አንድ ቀላል ዘዴ አላቸው። በአንድ ትንሽ ቦታ ላይ ቀለሙን እንደ ዝርግ ሳሕን አድርገው በጥንቃቄ ይፍቁታል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሽፋን እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ተራ በተራ ይታያል። እኔም ይህን አደረግሁ። ከላይ የወተት መልኩ፣ በግፊት የተረጨ፤ ከሥሩ አረንጓዴ፣ የብሩሽ መስመር ያለበት ወፍራም የዘይት ቀለም፤ ከሁሉ በታች የፋብሪካው ሰማያዊ። ‹እንደመጣች ናት› የተባለችው መኪና ውስጧ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ኖሯል። አረንጓዴውን ወዲያው አወቅሁት፤ ያደግሁበት ቤት የመስኮት ቀለም ነው። የወተት መልኩ የተሰነጣጠቀበትም ምክንያት ተገለጠ፤ ባልተሻከረ አንጸባራቂ የዘይት ቀለም ላይ ስለተረጨ ነበር።

በተሳፋሪው በኩል ስደርስ ግን ቅደም ተከተሉ ተለወጠ። በአረንጓዴውና በሰማያዊው መካከል ስቱኮ አገኘሁ። ስቱኮው ሲነሣ ብረቱ ከመያዣው ከፍ ብሎ የመዳፍ ስፋት ያህል ሰርጉዶ ታየ። እናቴ ግንባሯ ላይ ጠባሳ አላት። በልጅነታችን የተነገረን ከደረጃ መውደቋ ነው።

በዚያ ቀን ሥራውን አቆምሁ። በማግስቱ እናቴን ወደ ግቢው አመጣኋትና «እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኋት። ብዙ ቆማ አየችውና «እስካሁን አልጠፋም እንዴ?» አለች። ከዚያም ነገረችኝ። ከደብረ ዘይት ሲመለሱ ከብት መንገድ ገባ፤ አባቴ ፍሬን ያዘ። «አንተ እቅፌ ውስጥ ነበርህ። ሁለት እጄ አንተን ስለያዘ መያዣውን አልያዝኩም።» ለምን ደረጃ እንዳለችን ስጠይቃት፣ «አባትህ እንዲያፍር አልፈለግሁማ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲቀባት ዋለ፤ ቀና ብሎ አላየኝም» አለችኝ።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ይህን የቤተሰቤን ነገር በአደባባይ የምናገረው በእናቴ ፈቃድ ነው፤ የምናገርበትም ምክንያት የሥልት ጉዳይ ስላለበት ነው። የቃል ምስክርነትን ከቁሳዊ ማስረጃ ጋር ስናነጻጽር ብዙውን ጊዜ አንዱን ሐሰተኛ፣ ሌላውን እውነተኛ ለማድረግ እንቸኩላለን። የአባቴን ቃል የቀለሙ ሽፋን አፈረሰው፤ ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን ብረቱ የሚነግረኝ አንድ ነገር እንደመታው ብቻ ነበር። በእቅፍ ውስጥ ሕፃን መኖሩን፣ መያዣው ያልተያዘበትን ምክንያት፣ የሦስቱን ቀን ዝምታ ከሰርጓዳው ላይ ማንም ሊያነብ አይችልም። ያለ ብረቱ ጥያቄው አይነሣም፤ ያለ እናቴም መልሱ አይገኝም። የስትሬይትና የናደር ክርክር ለእኔ የመጽሐፍ ዕውቀት ነበር፤ ‹ሁለተኛው ግጭት› በገዛ ቤቴ እንደደረሰ፣ የተረፈውም ሕፃን እኔ እንደሆንሁ ያወቅሁት በብርጭቆ ወረቀት ነው።

የቀረው ጥያቄ ሰርጓዳው ምን ይሁን የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የሐውልትና የሕንፃ ጥገናን ሲደነግግ፣ በአንድ ቅርስ ላይ የተለያዩ ዘመናት የጨመሩት ተገቢ አሻራ ሁሉ እንዲከበር፣ ማደስም ግምት በሚጀምርበት ቦታ እንዲቆም፣ የተሠራውም ሁሉ በትክክል እንዲመዘገብ ያዝዛል። እንደ ባለሙያ ሰርጓዳውን ሳልነካ ልተወው አሰብሁ። እናቴ ግን አልተስማማችም። «እኔ በዚህች መኪና ገና እሄድባታለሁ። በተሳፈርኩ ቁጥር እሱን እያየሁ አልሄድም፤ ድፈነው» አለች።

ከዚህ ላይ ለባልደረቦቼ የምጠይቀው አለ። ሰነዱ የማን ነው? ያ ሰርጓዳ ለእኔ ማስረጃ ነው፤ ለእርሷ ግን የራሷ ግንባር ነው። ባለጉዳዩ በሕይወት ሳለ የታሪክ ጸሐፊ መብት ከባለጉዳዩ ይበልጣል ብዬ ለመከራከር አንደበት አጣሁ። ስለዚህ የቻርተሩን ሦስተኛ ትእዛዝ ያዝሁ። ሰርጓዳውን ለካሁት፣ ፎቶግራፍ አነሣሁት፣ የእናቴን ቃል በድምፅ ቀዳሁ። ከዚያ በኋላ ስቱኮ ሞላሁት፤ ሲደርቅ አለሰለስሁት፣ የመነሻ ቀለም ቀባሁት፣ በመጨረሻም ሰማያዊውን በስስ በስሱ፣ እያንዳንዱ ሽፋን ሳብ እስኪል እየጠበቅሁ ረጨሁት። ከአመድ ማራገፊያው ጀርባ፣ ለዓይን በማይታይ ቦታ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ክብ ሳልቀባ ተውሁ። የወተት መልኩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው በተራቸው እዚያ አሉ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የውሳኔውን ጥቅምና ጉዳት የሚመዝኑ ሌሎች ባለሙያዎች አሉ። ለእኛ የሚቀርበን ጉዳይ እነዚህ አሮጌ መኪኖች ቀስ በቀስ ወደ ብረት ማቅለጫ መሄዳቸው ነው። አብሯቸውም ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ የሚሉትን ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን ቃላት የሚናገረው የጋራዥ ትውልድ ያልፋል። ለዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ወደ መዝገብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በየግቢያችሁ የቆመውን መኪና ተመልከቱ። ከመፋቃችሁም በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ። እኔ የጠየቅሁት ከፋቅሁ በኋላ ነው፤ አባቴን ለመጠየቅ ደግሞ ዘግይቻለሁ።