የመድኃኒት ዕፅዋት ንጥር እንዴት ይመረመራል? ለባለ ዕውቀቶች፣ ለተመራማሪዎችና ለተጠቃሚዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

መግቢያ

ኮሶ፣ እንቆቆ፣ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ ቶስኝና ግራዋ በአገራችን ለብዙ ዘመናት ለሕክምና ሲያገለግሉ የኖሩ ዕፅዋት ናቸው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ዕውቀት የትኛው ተክል ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጥ ይጠቁማል። ሆኖም በተክሉ ውስጥ ፈውስ የሚሰጠው ውህድ የትኛው እንደሆነ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚጠቅምና ከየትኛው መጠን በላይ እንደሚጎዳ በልማድ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ይህ የሚረጋገጠው ደረጃውን ጠብቆ በሚካሄድ ምርመራ ነው።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ለሦስት ወገኖች ነው። እነርሱም የመድኃኒት ተክል ዕውቀት ያላቸውና እንዲመረመርላቸው የሚፈልጉ ዜጎች፣ በመስኩ ምርምር ለማካሄድ የሚያስቡ ሰዎች እንዲሁም የዕፅዋት መድኃኒት የሚጠቀሙ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ «ንጥር» ሲባል ከተክሉ ክፍል በውኃ፣ በአልኮል ወይም በሌላ አሟሚ ተለይቶ የወጣውን ይዘት ያመለክታል።

ምልከታ ወደ ምርምር ሲሸጋገር፦ የእንዶድ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ወራጅ ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በብዛት ተመለከቱ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሚራባ፣ ምልከታው ከፍተኛ ትርጉም ነበረው። በቀጣዮቹ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ቀንድ አውጣዎቹን የሚገድሉት በእንዶድ ፍሬ ውስጥ የሚገኙ ሳፖኒን የተባሉ ውህዶች እንደሆኑ አረጋገጡ። እንዶድን አረፋ እንዲያወጣና እድፍ እንዲያስለቅቅ የሚያደርጉትም እነዚሁ ውህዶች ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ምርምሩ የእንዶድን ጠቀሜታ ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም ለይቷል። ሳፖኒን ለዓሣም መርዝ ነው። እንዶድን መጠጣት ደግሞ ለሰው አደገኛ ነው። ምርመራ የሚያስፈልገው እነዚህን ሁለት ገጽታዎች በአንድነት ለማወቅ ነው።

የምርመራው ደረጃዎች

1. የተክሉን ማንነት ማረጋገጥ

አንድ ተክል በተለያዩ አካባቢዎች የተለያየ ስም ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ በአንዳንድ አካባቢዎች ሰንሰል የሚባለው ተክል በሌሎች ዘንድ ስሚዛ ይባላል። በአንጻሩ ሁለት የተለያዩ ተክሎች በአንድ ስም የሚጠሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አበባ ወይም ፍሬ ያለው ናሙና ተጭኖ ከደረቀ በኋላ በዕፅዋት ባለሙያ ተለይቶ ሳይንሳዊ ስም ይሰጠዋል፤ ናሙናውም ለማስረጃነት ይቀመጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ናሙና ማዕከል ለዚህ ሥራ የሚያገለግል ስብስብ አለው። ተክሉ የተሰበሰበበት ቦታ፣ ወቅትና ጥቅም ላይ የዋለው ክፍል፣ ማለትም ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ ልጡ ወይም ፍሬው፣ አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል። የውህዶች መጠን በእነዚህ ሁሉ ይለያያልና።

2. ማድረቅ፣ መፍጨትና ማንጠር

ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ በጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ ተፈጭቶ በአሟሚ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ተጣርቶ አሟሚው እንዲተን ይደረጋል። በውኃ የሚሟሟው ውህድ ዘይትነት ባለው አሟሚ ላይሟሟ ስለሚችል፣ ተመራማሪዎች ከአንድ በላይ አሟሚ ይጠቀማሉ።

የማንጠሪያው ዘዴ ውጤቱን ሊወስን ይችላል። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ለወባ ይሰጥ የነበረን አንድ ተክል ሲመረምሩ የመጀመሪያ ውጤቶቻቸው አስተማማኝ አልነበሩም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ተክሉ በውኃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ እንጂ እንደሚፈላ አለመጻፉን አስተዋሉ። ሙቀት ውህዱን እንደሚያበላሸው በመገመትም በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አነጠሩት። በዚህ መንገድ የተገኘው አርቴሚሲኒን ዛሬ በጤና ተቋማት ለሚሰጡት ዋና ዋና የወባ መድኃኒቶች መሠረት ሲሆን፣ ተመራማሪዋ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

3. የውህዶችን ዓይነት መለየት

በመጀመሪያ ቀላል የኬሚካል ፍተሻዎች ይካሄዳሉ። ንጥሩ ከውኃ ጋር ሲናወጥ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ካወጣ ሳፖኒን እንዳለው ይጠቁማል። የብረት ክሎራይድ ሲጨመርበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከተለወጠ ታኒን ሊኖርበት ይችላል። ድራገንዶርፍ በተባለው መለያ ብርቱካናማ ዝቃጭ ካሳየ ደግሞ አልካሎይድን ያመለክታል። እነዚህ ፍተሻዎች የውህዱን ቤተሰብ እንጂ ውህዱን ራሱን አይለዩም። ቀጥሎ ንጥሩ በክሮማቶግራፊ ወደ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል እየተፈተሸ ውጤት የሚያሳየው ብቻ እንደገና ይከፈላል። በመጨረሻ የተገኘው ንጹሕ ውህድ ቅርጽ በማስ ስፔክትሮሜትሪና በኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ይታወቃል።

4. ውጤታማነትን መፈተሽ

ንጥሩ ባክቴሪያን ይገድል እንደሆነ ለማወቅ ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ ንጥሩን የያዘ ትንሽ ክብ ወረቀት ይቀመጣል። በማግሥቱ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ባዶ ክብ ከታየ ስፋቱ በሚሊሜትር ይለካል። ቀጥሎም ባክቴሪያው እንዳያድግ የሚያግደው ዝቅተኛ መጠን ይፈለጋል። ለወባና ለሌሎች ሕመሞች ደግሞ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ጥናት ይካሄዳል።

በሳህን ላይ ባክቴሪያን የገደለ ነገር ሁሉ መድኃኒት አይደለም። በረኪናም በሳህን ላይ ያለን ባክቴሪያ ይገድላል፤ የሚጠጣ ግን አይደለም። አንድ ንጥር በጨጓራ ውስጥ ሊፈርስ፣ ወደ ደም ሳይገባ ሊቀር ወይም ጀርሙን ከመግደሉ በፊት የሰውን ሕዋስ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «በላቦራቶሪ ተረጋግጧል» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥም፣ የተረጋገጠው በሳህን፣ በእንስሳ ወይስ በሰው ላይ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

5. መርዛማነትን መፈተሽ

ንጥሩ በአንድ ጊዜ ሲሰጥ የሚያስከትለው ጉዳት እንስሳቱን እስከ 14 ቀን በመከታተል ይጠናል። በተደጋጋሚ ሲሰጥ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ለ28 ወይም ለ90 ቀናት ይጠናል፤ በተለይ ጉበትና ኩላሊት ይመረመራሉ። ከዚህም በተጨማሪ ምርቱ ከሻጋታ መርዝ፣ እንደ እርሳስ ካሉ ከባድ ብረቶችና ከፀረ ተባይ ኬሚካል የጸዳ መሆኑ ይታያል።

የኮሶ ታሪክ የዚህን ደረጃ አስፈላጊነት ያሳያል። ኮሶ የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥም ገብቶ ነበር። ነገር ግን ከመጠን በላይ ሲወሰድ የዓይን ነርቭን በመጉዳት ለዓይነ ስውርነት ሊዳርግ ይችላል። የሚያድነውና የሚያሳውረው መጠን በጭልፋ ወይም በጣሳ ተለክቶ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለይ አይችልም።

6. በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት

ከላይ የተዘረዘሩትን ደረጃዎች ያለፈ ምርት ብቻ በሰው ላይ ሊሞከር ይችላል። ጥናቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ተሳታፊዎችም በፈቃዳቸው መግባታቸው መረጋገጥ አለበት። በመጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ ደኅንነቱ፣ ቀጥሎ ተስማሚው መጠን፣ በመጨረሻም በብዙ ሕሙማን ላይ ከነባር ሕክምና ጋር ተነጻጽሮ ውጤታማነቱ ይጠናል።

ምርመራው ለምን ረጅም ጊዜ ይወስዳል?

እ.ኤ.አ. በ1972 ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ተክል ሜይታንሲን የተባለ ውህድ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ውህዱ የካንሰር ሕዋሳትን በእጅጉ በጥቂት መጠን የሚገድል ቢሆንም፣ በሕሙማን ላይ ሲሞከር ጤናማ ሕዋሳትንም በመጉዳቱ ሙከራው ተቋረጠ። ተመራማሪዎች ግን ውህዱን አልተዉትም። ከዚሁ የተሠራ ውህድ የካንሰር ሕዋስን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ አካል ጋር እንዲጣበቅ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ሕክምና በአሜሪካ ጸደቀ። ከግኝቱ እስከ መድኃኒቱ 41 ዓመት አልፏል። በመካከሉ ማንም ሰው የአጣጥን ቅጠል ቀቅሎ በመጠጣት ይህን ጥቅም ሊያገኝ አይችልም ነበር፤ የሚያገኘው መርዙን ነበር።

የባለ ዕውቀቱና የማኅበረሰቡ መብት

የዕፅዋት ዕውቀት ሀብት በመሆኑ በሕግ ይጠበቃል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤትነት ደግሞ የሚመለከተው ማኅበረሰብ መሆኑን ይደነግጋል። በዚህም መሠረት፦

- የጄኔቲክ ሀብትን ወይም የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለምርምርና ለልማት መጠቀም የሚፈልግ ሰው ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘት አለበት።
- የማኅበረሰብ ዕውቀት ከመወሰዱ በፊት ማኅበረሰቡ ስለ ዓላማው ተነግሮት አስቀድሞ መስማማት ይኖርበታል።
- ከአጠቃቀሙ ከሚገኘው ጥቅም ማኅበረሰቡ የመካፈል መብት አለው።
- የጄኔቲክ ሀብትን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው።

አዋጁ ማኅበረሰቦች በልማዳቸው መሠረት እርስ በርስ የሚያደርጉትን አጠቃቀምና ልውውጥ አይከለክልም። ኢትዮጵያ የናጎያ ፕሮቶኮል አባል ስለሆነች፣ የውጭ ተመራማሪዎችም ይህን ሥርዓት እንዲያከብሩ ይጠበቃል።

ተክል ለማስመርመር የሚፈልጉ ከሆነ

ዕውቀትዎን ለማንም ከመግለጽዎ ወይም ናሙና ከመስጠትዎ በፊት ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ተቋም እንደሚወክልና ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ። ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሆን ያድርጉ፤ አንድ ቅጂም ለራስዎ ያስቀሩ። የተክሉን የአካባቢ ስም፣ የሚገኝበትን ቦታ፣ የሚጠቀሙበትን ክፍል፣ አዘገጃጀቱን፣ መጠኑንና ያስተዋሏቸውን ጉዳቶች ቀደም ብለው በጽሑፍ ያዘጋጁ። ጉዳት መኖሩን መግለጽ የዕውቀትዎን ዋጋ አይቀንስም፤ እንዲያውም ምርምሩን ወደ ትክክለኛው መንገድ ይመራል።

በባህላዊ መድኃኒት ላይ ምርምር ከሚያካሂዱት ተቋማት መካከል የአርማወር ሃንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት እና የዩኒቨርሲቲዎች የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች ይገኛሉ። ምርትን በመድኃኒትነት ለገበያ ለማቅረብ ግን የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን አይበቃም። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ደኅንነቱ፣ ጥራቱና ፈዋሽነቱ በባለሥልጣኑ ታይቶ መመዝገብ ይኖርበታል።

የዕፅዋት መድኃኒት የሚጠቀሙ ከሆነ

- በሐኪም የታዘዘልዎትን መድኃኒት ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ። በተለይ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ማቋረጥ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።
- ትኩሳት ሲኖር የወባ ምርመራ ያድርጉ። አሪቲና ጭቁኝ አርቴሚሲኒን ከሚገኝበት ተክል ጋር አንድ ወገን ቢሆኑም የወባን መድኃኒት አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅትም አርቴሚሲኒን የሚገኝበትን ተክል ራሱን በሻይ መልክ ለወባ መጠቀምን አይመክርም።
- ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ያለ ባለሙያ ምክር አይውሰዱ። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን በማኮማተር ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።
- የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ለምሳሌ ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰድ ከደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጋር ተደርቦ የመድማትን አደጋ ሊጨምር ይችላል።
- የተዘጋጀበት ተክል ስም፣ የአምራቹ አድራሻና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ያልተጻፈበትን ምርት አይግዙ።

የዕፅዋት መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ የዓይን መደብዘዝ፣ የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን፣ የሽንት መቀነስ፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም ራስን መሳት ካጋጠመ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ። የቀረውን መድኃኒት ወይም የተክሉን ቅሪት ይዘው መሄድ ሕክምናውን ያፋጥናል። የደረሰውን ጉዳት እንዲሁም ያልተመዘገበ መድኃኒት ሽያጭን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል። የአንድ ሰው ጥቆማ በሌሎች ላይ ተመሳሳይ ጉዳት እንዳይደርስ ይረዳል።