ከአይብ የተሠራው ሙጫ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች እኔን የሚይዘኝ ሞተራቸው አይደለም፤ ሙጫቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውን የእንግሊዞቹን ሞስኪቶ እንመልከት። ባለሁለት ሞተር የጦር አውሮፕላን ነው፤ አካሉ ግን እንጨት። ሁለት ስስ ፕላይውድ፣ መሐሉ ባልሳ። አዎ፣ ያው እኔ ትንንሽ ግላይደሮች የምሠራበት፣ በጥፍር የሚጫረው ባልሳ! መጀመሪያ ያጣበቁት በኬዚን ነበር። ኬዚን አሬራ ሲሞቅ አይብ ሆኖ የሚለየው የወተት ፕሮቲን ነው። ጠንካራ ሙጫ ይወጣዋል፤ ግን ምግብነቱን አይረሳም፤ እርጥበት ያላላዋል፣ ሻጋታ ይበላዋል። ስለዚህ ኖርማን ደ ብራይን የሠራው አይሮላይት የተባለ ሰው ሠራሽ ሙጫ ተተካ። ሙጫው በአንዱ ገጽ፣ ማጠንከሪያው በሌላው ይቀባና ሲገናኙ ይጠነክራል።

በ1944 ህንድ የነበሩ ሞስኪቶዎች አየር ላይ ተሰባብረው ሰው ሞተ። መጀመሪያ የተጠረጠሩት ሙጫውና የአገሩ እርጥበት ነበሩ። ሲመረመር ግን ከፋብሪካው ጀምሮ በደንብ ያልገጠሙ መጋጠሚያዎችም ተገኙ። እኛ ኮምፒውተር ላይ የሠራው ፕሮግራም ደንበኛው ጋ ሲደርስ እምቢ ሲል የምናማርረው አገልጋዩን ነው አይደል?

የጀርመኖቹ ይብሳል። ታ 154 የተባለው የእንጨት አውሮፕላናቸው የታሰበው ቴጎ በተባለ፣ በሙቀት ተጭኖ በሚጣበቅ ስስ ሙጫ ነበር። ዉፐርታል ያለው የሙጫው ፋብሪካ በእንግሊዞች ቦምብ ወደመ። ምትኩ ውስጥ የነበረው አሲድ ደግሞ እንጨቱን ራሱን በላው። በ1944 አውሮፕላኖቹ ወደቁ፤ ፕሮግራሙም ተሰረዘ። እንግዲህ የሙጫ ጥንካሬ ብቻውን ምን ይሠራል፣ የያዘውን እንጨት ከበላ?

ሱፐር ግሉም የጦርነቱ ልጅ ነው። በ1942 የኮዳኩ ሃሪ ኩቨር ቡድን ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ አገኘው፤ የነካውን ሁሉ ስለሚይዝ ተወው። ገበያ የወጣው በ1958 ነው። ሜዳ ላይ ለሚደረግ ጥገና ወደር የለውም፣ በሰከንዶች ይይዛል። ሲደርቅ ግን እንደ መስታወት ይሆናል፤ ግላይደሩ መሬት ሲመታ ወይ እሱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ከጎኑ ያለው ባልሳ። ፎም ላይ ደግሞ ተራው ሱፐር ግሉ ክንፉን አቅልጦ ይበሳዋል።

ክንፍ ከክንፍ ለማጋጠም የአናጢዎቹን ነጭ ኮላ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ያለ ሙጫ አጋጥሜ ብርሃን እንደማያሳልፍ አያለሁ፣ ከዚያ በስሱ ቀብቼ በልብስ መቆንጠጫ ይዤ አሳድረዋለሁ። በዚያ ቀን መብረር የለም።